ከአጥር ማዶ የሚሰማ ድምፅ

በብራና ላይ በወስፌ ያሰመርሁትን መስመር ዐይኔ መለየት በተሳነው ዓመት ብርዔን አስቀመጥሁ። ንጉሡ ከመንበራቸው የወረዱበት ዓመት ስለ ነበረ ብዙ ሰው ሥራ ማቆሜን ከዚያ ጋር ያያይዘዋል፤ እኔ ያቆምሁት ግን ዐይኔ ስለ ደከመ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ሙያዬ የሚጠይቁኝ ሰዎች ስለ ቀለሙ አሠራርና ስለ ፊደሉ ቅርጽ ይጠይቁኛል። በቅርቡ ግን አንድ የሰቆጣ መምህር፣ «ለመሆኑ ያን ያህል ዘመን በቤትዎ ብቻዎን፣ ስለትና እሳት አጠገብ ተቀምጠው ሲሠሩ እንዴት በደኅና ወጡ?» አለኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። በቃል ልመልስለት ጀመርሁና አቆምሁ፤ በመልሱ ውስጥ የማፍርበት ነገር ነበረና። በጽሑፍ ቢሆን ይሻላል አልሁት።

አስቀድሜ ግን ስለ ትዝታዬ ላስጠነቅቅ። መጽሐፍ ገልባጭ የጻፈውን ከዋናው ጋር እያስተያየ ያርማል። ለትዝታ የሚያስተያዩበት ዋና መጽሐፍ የለም። ስለዚህ የሰዎቹን ንግግር እንደ ቀረልኝ እጽፋለሁ እንጂ ቃል በቃል ነው ብዬ አልምልም።

ጽሕፈት ያስተማሩኝ መሪጌታ ላእከ ይባሉ ነበር። ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ቅኔ ቤት ጨርሼ ወደ ሰቆጣ ስመለስ፣ ቁም ጽሕፈት ልማር ብዬ ወደ እርሳቸው ሄድሁ። ለወራት ብርዕ አላስያዙኝም፤ ብራና አስፋቁኝ። የፍየሉ ቆዳ ውኃ ውስጥ ይሰነብትና በአራት እንጨቶች መካከል በጠፍር ይወጠራል፤ ከዚያ ቆመው ወደ ታች እየጎተቱ ሥጋውን በካራ ይፍቁታል። የተወጠረ ቆዳ ገና እርጥብ ሳለ ካራውን ይይዘዋል፤ መድረቅ ሲጀምር ግን ካራው ሳይታሰብ ይንሸራተታል፤ የሚያርፈውም በፋቂው ጉልበት ላይ ነው። የኔታ በሁለቱም ጉልበቶቻቸው ላይ ጠባሳ ነበረባቸው። «ይህ ካለማወቅ፣ ይህ ከመቸኮል» እያሉ ያሳዩኝ ነበር።

በጽሕፈት ጊዜ ሁለታችን በአንድ ቤት አንቀመጥም ነበር። ጸሐፊ የሚጽፈውን በአፉ እያነበበ ነው የሚጽፈው፤ ሁለት ሰው በአንድ ክፍል ሁለት የተለያየ መጽሐፍ ቢገለብጥ የአንዱ ቃል በሌላው ጆሮ ገብቶ በእጁ ይወጣል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ከእርሳቸው አፍ የሰማሁትን ሐረግ በራሴ ገጽ መካከል አግኝቼው ፍቄአለሁ። ስለዚህ እርሳቸው በቤታቸው፣ እኔ ከአጥራቸው ጋር በተያያዘው ጎጆዬ፣ እያንዳንዳችን ለብቻችን እንሠራ ነበር። ቃሉ ተለይቶ የማይሰማበት፣ ድምፁ ግን የሚሰማበት ርቀት ነበር።

የኔታ ብቻቸውን ሲሠሩ የሚጠብቋቸው ልማዶች ነበሯቸው። በሩን ድንጋይ አስደግፈው ክፍት ይተዉታል። ካራቸውንና ወስፌአቸውን በአንድ ቁርበት ላይ ዘርግተው ከመቀመጣቸው በፊትና ከተነሡ በኋላ ይቆጥሯቸዋል። ከሁሉ ይልቅ ሰው ያስቀየመባቸው ግን ስለት በእጃቸው ይዘው ለማንም አለመነሣታቸው ነው። አንድ ቀን የታወቁ ባላባት በበሩ ብቅ ሲሉ የኔታ ራሳቸውን እንኳ ቀና ሳያደርጉ፣ «ይቆዩኝ፣ ጌታዬ» አሉ። ካራውን ጠርገው፣ በአፎቱ ከትተው፣ በቁርበቱ ላይ ከቦታው አኑረው ከዚያ ተነሡና እጅ ነሡ። ባላባቱ ፊታቸው ጠቁሮ፣ «ለእኔ ነው ወይስ ለካራው ነው የምትሰግደው?» አሏቸው። የኔታም፣ «ለሁለታችሁም፣ ጌታዬ፤ የቸኮለብኝ ግን እርሱ ነው» ብለው መለሱ።

ሌላው ልማዳቸው በቀይ ቀለም ላይ ዝም ማለት ነበር። የአምላክና የቅዱሳን ስም በቀይ እንደሚጻፍ አንባቢ ያውቃል። የኔታ ከጥቁሩ የቀለም ቀንድ ወደ ቀዩ ቀንድ ብርዕ ሲቀይሩ ንባባቸውን ያቆማሉ፤ ስሙን በልባቸው እየጸለዩ ይጽፉና ወደ ጥቁሩ ሲመለሱ ድምፃቸው ይመለሳል። እኔንም እንዲሁ አስለመዱኝ። ከአጥር ማዶ ሆኖ ለሚሰማቸው ድምፃቸው እየፈሰሰ ለአፍታ የሚቋረጥ ምንጭ ይመስል ነበር።

በመካከሉ ሦስት ዓመት ያህል፣ ምናልባት አራት፣ በአውራጃው ጽሕፈት ቤት መዝገብ ጸሐፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም አይዘገይም ነበር። አለቃዬ ጥብቅ ሰው ነበሩ፤ ጠዋት ከመቀመጣቸው በፊት በክፍሉ ዙሪያ ያዩና፣ «እገሌ የት ገባ?» ይላሉ። ያን ጊዜ ነገሩ እንደ ቁጥጥር ይታየኝና ይሰለቸኝ ነበር። አንድ ባልደረባችን ወባ ይዞት ቤቱ ወድቆ የተገኘው በዚያ ጥያቄ መሆኑን ያስተዋልሁት ዘግይቼ ነው። ለማንኛውም ብራናው ስለ ናፈቀኝ ለቅቄ ወደ ጎጆዬ ተመለስሁ፤ አለቃም ደወልም ወደሌለበት ሥራ።

አሁን ወደማፍርበት ነገር ልምጣ።

የኔታ በጋዝጊብላ ለሚገኝ አንድ ደብር የጸሎት መጽሐፍ ይጽፉ ነበር። ያጻፉት አንድ ባለጸጋ ገበሬ ናቸው፤ መጽሐፉ ለደብሩ ዓመታዊ በዓል እንዲደርስላቸው ለምነው ነበር። ወሩ ሐምሌ ነበር፤ ዝናቡ ለቀናት ሳያባራ ቀጥሏል። ብራናው እርጥበት እየሳበ ቀለም አልይዝ አለ። አንድ ቀን ጠዋት የኔታ ከአጥሩ በላይ ብቅ ብለው፣ «ፍም አለህ?» አሉኝ።

«አለ፣ የኔታ። ምን ሊያደርጉት?»

«ቆዳው እንደ ውሻ አፍንጫ ቀዝቅዞ አስቸገረኝ፤ ትንሽ ላሙቀው።»

ማንደጃዬን ፍሙን እንደ ያዘ ከአጥሩ በላይ አቀበልኋቸው። በገዛ እጄ ነው ያቀበልኋቸው። «በሩን ክፍት ያድርጉት» ማለቴን አስታውሳለሁ፤ ወይም ማለት እንደ ነበረብኝ ኋላ ሳስብ እንዳልሁ መስሎኝ ይሆናል። ይህን ዛሬም መለየት አልችልም። የኔታ በሩን ከፍተው ጀመሩ፤ ነፋሱ ዝናቡን እያስገባ ገጹን ሲረጭባቸው ግን ዘጉት።

ድምፃቸው እስከ ረፋድ ድረስ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ቆመ። እኔም ቆሞ መቆየቱን ሰምቻለሁ። ነገር ግን መጽሐፉን በቃሌ አውቀዋለሁና የት እንደ ደረሱ አሰላሁ። ጠዋት ከጀመሩበት ተነሥቶ ሲቆጠር የቅዱሳን ስም በተርታ የሚጠራበት ገጽ ቅርብ ነው፤ ያ ገጽ ከላይ እስከ ታች ቀይ ነው፤ ስለዚህ ዝምታው ረጅም ይሆናል። ስሌቴ ደስ አሰኘኝ። «ዛሬ የኔታ ፈጥነዋል» ብዬ ብርዔን ነክሬ ቀጠልሁ። ምን ያህል እንደ ጻፍሁ ከገጹ ቆጥሬአለሁ፦ አንድ ዓምድ ሊሞላ ሦስት መስመር ሲቀረው ነበር እትየ አዝመራ የጠራችኝ።

እትየ አዝመራ ከየኔታ ቤት በወዲያኛው በኩል የምትኖር፣ ጥጥ እየፈተለች የምትተዳደር ባልቴት ነበረች። በቤቷ ኽምጣኛ ነው የምትናገረው፤ አማርኛዋ ቀርፋፋ ቢሆንም የፈለገችውን ከማለት አያግዳትም። ግዕዝ አታውቅም፤ ፊደልም አልቆጠረችም።

«አንተ፣ የኔታ ምን ሆነው ነው ዝም ያሉ?» አለችኝ።

«ቀይ ላይ ደርሰው ነው፣ እትየ። ቀይ ሲጽፉ አይናገሩም።»

«እስከዚህ ድረስ?»

«የስም ገጽ ነው። ገጹ በሙሉ ቀይ ነው።»

«ቀዩንና ጥቁሩን እኔ ምን አውቄ። እኔ የማውቀው ማጉረምረማቸውን ነው። እንዝርቴን የማሽከረክረው በእሳቸው ዜማ ነው፤ ቆመብኝ።»

«ትንሽ ይታገሡ፤ ገጹ ሲያልቅ ይሰሟቸዋል።»

«ተቆጥተው ቢያባርሩኝ ይሻለኛል» ብላ ሄደች።

በሩን ስትገፋው ሰማሁ። ቀጥሎ በኽምጣኛ የጮኸችውን ቃል ትርጉም ባላውቀውም ብርዔን ጥዬ አጥሩን ዘለልሁ። የኔታ በጎናቸው ወድቀዋል፤ ቀኝ እጃቸው በማንደጃው ውስጥ ነው። በከሰሉ ታፍነው ራሳቸውን ስተው ስለ ነበር ቃጠሎው እንኳ አልቀሰቀሳቸውም። እትየ አዝመራ በብብታቸው ይዛ እየጎተተች ነበር፤ እኔ በእግራቸው በኩል አንሥቼ ወደ ደጅ አወጣናቸው። ዝናቡ ፊታቸውን እየመታው ተኙ። ጥቂት ቆይቶ ሳል ጀመራቸው። የመጀመሪያ ቃላቸው ስለ ገጹ ነበር፤ ዝናብ እንዳይነካው እንድገባና እንድሸፍነው አዘዙኝ።

የገባሁት ገጹን ለመሸፈን ነው። ያየሁት ግን ሌላ ነው። የኔታ የስም ገጹ ላይ አልደረሱም። ብርዓቸው የቆመው በጥቁር መስመር መካከል፣ በአንድ ቃል አጋማሽ ላይ ነበር፤ የመጨረሻው ፊደል እግር ወደ ታች ተንሸራቶ እስከ ገጹ ጠርዝ ወርዷል። ቀዩ ቀንድ ክዳኑ አልተነሣም። ያን ጊዜ ሌላ የማውቀው ነገር ትዝ አለኝ። ቀይ ቀለም በእሳት አጠገብ ይወፍራል፤ ስለዚህ የኔታ ቀይ ሊጽፉ ሲሉ ፍም ቢኖር ከቤት ያስወጡ ነበር። ፍሙ በቤት እንዳለ አውቅ ነበር፤ ያቀበልኋቸው እኔ ነኝ። ቀይና እሳት በአንድ ቤት እንደማይሆኑም አውቅ ነበር። ሁለቱን ዕውቀቶች አላገናኘኋቸውም። ምንም የማታውቀው ሴት ግን ድምፅ መቆሙን ሰምታ ሄደች።

ከሐኪም ቤት አንድ ድሬሰር ለብዙ ሳምንታት እየተመላለሰ ቁስሉን አሰረ። ነፍሳቸው ዳነች፤ አውራ ጣታቸውና ጠቋሚ ጣታቸው ግን ተሸማቅቀው ዳኑና ዳግመኛ ሊገናኙ አልቻሉም። ብርዕ የሚያዘው በእነዚያ በሁለቱ ነው።

ለማንም ሳልናገር ጥቂት ቀናት አለፉ። ከዚያ ከአልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ፣ «የኔታ፣ ሰምቼ ነበር» አልኋቸው።

«ምኑን?»

«ዝምታውን። ቀይ ላይ ያሉ መስሎኝ ቀረሁ።»

«በእሳት አጠገብ ቀይ ጽፌ አውቃለሁ?»

«አያውቁም።»

«ይህን ማን አስተማረህ?»

«እርስዎ።»

«እንግዲያው በደንብ አላስተማርሁህም» አሉና ፈገግ አሉ። «እኔም በሩን ዘጋሁ። አትዝጋ እያልሁ ስንት ዓመት የኖርሁትን በር። ሁለታችንም ሊቃውንት ነን፤ በቤቱ ያልተሳሳተችው አዝመራ ብቻ ናት።» ከዚያ የተጠቀለለውን እጃቸውን በሌላው እጃቸው አንሥተው ከጋቢው በላይ አኖሩትና፣ «መጽሐፉን ጨርሰው» አሉኝ። «እጄን ትመስላለህ። ካልመሰልህም እስክትመስል ትፍቃለህ።»

እንዲህ ሆነ። ጠዋት ጠዋት የኔታ ከአጥሩ ማዶ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፤ እኔ እያነበብሁ እጽፋለሁ፤ እርሳቸው በጆሮ ያርሙኛል። «ደገምኸው» ይላሉ፤ ስመለከት በእውነት ደግሜዋለሁ። የስም ገጹ ላይ ስደርስ እንደ ልማዴ ብርዕ ቀይሬ ዝም አልሁ። ወዲያው ከአጥሩ ማዶ፣ «ምነው፣ ሞትህ?» የሚል ድምፅ መጣ።

«ቀይ ነው፣ የኔታ።»

«አንብበው።»

«ዝም በል ብለውኝ ነበር።»

«ያን ያልሁህ የሚጽፍ እጅ ሳለኝ ነው። አሁን የቀረኝ ጆሮ ነው፤ እሱን ሥራ አታስፈታብኝ። ቅዱሳኑ በስማቸው ሲጠሩ የሚቆጡ ከሆነ እኔ እጠየቃለሁ።»

ገጹን በሙሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ እያነበብሁ በቀይ ጻፍሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስካቆምሁበት ዓመት ድረስ በቤቴ ብቻዬን ሆኜ ስሠራ ድምፄ በቀይ ላይ ተቋርጦ አያውቅም። ልነሣ ስል እንኳ፣ «ውኃ ልጠጣ ነው» ብዬ ለአጥሩ እናገር ነበር፤ ከማዶ «ጠጣ» የሚለኝ አልጠፋም። መጀመሪያ የኔታ፣ እርሳቸው በዕድሜ ብዛት በሰላም ካረፉ በኋላ ደግሞ እትየ አዝመራ። በፃግብጂ አንድ በጋ ተቀምጬ ስጽፍ ያሳደረኝን ገበሬ፣ «ድምፄ ከቆመ ግባ» ብዬው ነበርና ቁራሽ በጎረስሁ ቁጥር እየሮጠ ይገባብኝ ነበር። ሦስተኛው ቀን ላይ፣ «አባ፣ እያነበቡ ይብሉ እንጂ፤ እርሻዬን አስፈቱኝ» አለኝ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ከጥቂት ጭረት በቀር አካሌ አልተነካም። የሰቆጣው መምህር ጥያቄ መልስ ይኸው ነው። ደስ ብሎኝ ሠርቻለሁ፤ ይህን ለማለት አላመነታም።

የየኔታን መጽሐፍ ነገር ግን አልጨረስሁም።

በመጽሐፉ ማብቂያ ያጻፈውም የጻፈውም በክርስትና ስማቸው የሚታሰቡበት ጸሎት አለ። እዚያ ስደርስ የኔታ፣ «የአዝመራንም አስገባ» አሉኝ። ያጻፉት ገበሬ ሲጠየቁ፣ «ጸሐፊዬን ያወጣች እሷ አይደለችም? ትግባ» አሉ። የቀረው ራሷን መጠየቅ ነበር። ከየኔታ ጋር ሄደን ከደጇ ቆምን።

«የክርስትና ስምዎን ይንገሩን፣ እትየ» አልሁ።

እንዝርቷን አቆመች። «ለምን?»

«በመጽሐፉ ላይ ልጽፈው።»

«የክርስትና ስሜን ለደብተራ? አበድሁ እንዴ? በስሙ ተደግሞበት አልጋ ላይ የቀረውን ሰው የማላውቅ መሰልኋችሁ?»

የኔታ ሳቁ። «ከሞት አውጥተሽኝ ልደግምብሽ?»

«ያወጣሁት አንገትዎን ነው፤ ሆድዎን መች አየሁት» አለችና እንዝርቷን አሽከረከረች።

በአገራችን የክርስትና ስም ለማንም አይነገርም፤ በተለይ ብርዕ ለያዘ ሰው። ስለ ጥንቃቄ የምጽፍ እኔ በጥንቃቄዋ ልፈርድባት አልችልም። አምስት ፊደል የሚያህል ባዶ ቦታ ትቼ መጽሐፉን ጨረስሁ፤ ተሰፋ፤ ሽፋኑም ተደጎሰ። የበዓሉ ቀን ሲቃረብ ቦታው እንዳለ ባዶ ነበር። ልንሄድ ሦስት ቀን ያህል ሲቀረን እትየ አዝመራ ወደ ጎጆዬ መጣች። የኔታ ከእኔ ጋር ነበሩ። «እጅዎን ያሳዩኝ» አለቻቸው። የተሸማቀቀውን እጅ ያዘችና ጣቶቹን አንድ በአንድ ልትዘረጋ ሞከረች፤ እንዳልሆነላት ስታይ ቀስ ብላ ለቀቀችው። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አለችና ስሙን በጆሮዬ ነገረችኝ። ስድስት ፊደል ሆኖ ተገኘ። የመጨረሻው ፊደል ጠብቦ፣ ከጎኑ ካለው ቃል ጋር ሊጋጭ ትንሽ ሲቀረው ገብቷል። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። የሰጠችኝ ለአንድ መጽሐፍ ነው።

ለበዓሉ ሦስታችንም ወደ ጋዝጊብላ ሄድን፤ የኔታ በበቅሎ፣ እኛ በእግር። ከቅዳሴው በኋላ አንድ ዲያቆን አዲሱን መጽሐፍ ከፍቶ የማብቂያውን ጸሎት በግዕዝ አነበበ። የገበሬውን ስም ጠራ፤ የየኔታን ጠራ፤ ከዚያ የእሷን ጠራ። ከሴቶቹ ወገን አንድ ድምፅ «አቤት» አለ።

ዝግ ብላ ነው ያለችው የሚሉ አሉ። እኔ ከወንዶቹ በኩል ቆሜ ጥርት ብሎ እንደ ሰማሁት ነው የማስታውሰው፤ በዚህ ግን ከራሴ ጋር አልከራከርም። ዲያቆኑ መስመሩ ጠፋበትና በጣቱ ፈልጎ ቀጠለ። ጥቂት ሰዎች ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑ።

ከቅጽሩ ስንወጣ የኔታ፣ «በጸሎት መካከል እንዲህ ይደረጋል?» አሏት፤ ቁጣ ለማስመሰል ሞክረው ነበር።

እትየ አዝመራ ነጠላዋን አስተካከለች። «በዚያ ስም ከእናቴ በቀር ጠርቶኝ የሚያውቅ የለም» አለች። «ስጠራ ዝም ልበል?»